የምትታለበዋ ፍየል

መለወጥ ከመሸጥ ይከብዳል። የሸጠ ሰው በእጁ የሚቀረው ብር ነው፤ ብር ደግሞ መልክ የለውም፤ ትናንት በሬ ይሁን ማር፣ መጽሐፍ ይሁን ጊታር አይናገርም። የለወጠ ሰው ግን የሰጠውንና የተቀበለውን በኅሊናው ጎን ለጎን አቁሞ ሲያስተያይ ይኖራል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝና በዚህ ጉዳይ ምስክርነቴ የሚናቅ አይደለም። የምኖረውም ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ በሚቆምባት በዲመካ ነው፤ ፍየልና ማር፣ ማሽላና ቅቤ ከየመንደሩ በሚመጣባት በሐመር ወረዳ ዋና ከተማ። ስለ መለወጥ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተመቸ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት አዲስ አበባ ከሚኖር ወዳጄ መልእክት ደረሰኝ። በተማሪነት ዘመናችን በአንድ ጊታር ተራ በተራ የተለማመድን ነን፤ ኋላ እሱ ወደ ምሽት ክበብ መድረክ፣ እኔ ወደ ባንክ መስኮት ሄድን። መልእክቱ አጭር ነበር።

«ወንድሜ፣ ሌሊት መሥራት ሰለቸኝ። ከእንግዲህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጄን ጊታር ላስተምር ነው። ፌንደሩን ውሰደው። ቦክስ ጊታርህን፣ ሁለቱን ፔዳሎችና ትንሿን ማጉያ ላክልኝ። ሊድ ጊታሩ ላንተ ይቅር። ብር አልፈልግም።»

ፌንደር ያለው አምፕሊፋየሩን ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ ያን አምፕሊፋየር ስንት ዓመት እንደተመኘሁት ወዳጄ ያውቃል። ስለዚህም መልስ እስክሰጥ ድረስ ሌላ ቃል አልጨመረም።

*

በሙያዬ ልማድ መጀመሪያ ወረቀት አውጥቼ መሐሉን በመስመር ከፈልሁት፤ በግራ የምሰጠውን፣ በቀኝ የምቀበለውን ጻፍሁ።

በግራ በኩል የመጀመሪያዋ ቦክስ ጊታሬ ናት። ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ፒያሳ ከሚገኝ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ የአራት ወር ቁጠባዬን ከፍዬ ገዛኋት። ወደ ደቡብ ኦሞ ስዛወር ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሻንጣ ተጭኗት ጎኗ ተሰነጠቀ። ጂንካ ውስጥ አንድ አናጢ በሙጫና በቀጭን የእንጨት ልጣጭ ጠገናት። ከዚያ ወዲህ ወፍራሙ ክር ሲመታ የምታሰማት ትንሽ ሻካራ ድምፅ አለች፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። መጀመሪያ አሳዘነችኝ፤ አሁን ያቺ ድምፅ ከሌለች ጊታሯን የማውቃት አይመስለኝም።

ደግሞም ግጥሞቼን የምጽፈው በእሷ ነው። ወል ቤት ስጽፍ ስድስት ስድስቱን ቀለም በአውራ ጣቴ እየመታሁ እቆጥራለሁ፤ ስንኙ ሰንጎ መገን ከሆነ አምስት አምስቱን። ቃሉ ከክሩ ምት ካፈነገጠ ጆሮዬ ከዓይኔ ቀድሞ ያውቃል። ትዝታና ባቲን፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬን ለይቼ ያወቅሁት በእሷ ላይ ነው። ከጻፍኋቸው ግጥሞች ደኅና የምላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን ሁሉም በእሷ ሆድ ውስጥ አልፈዋል።

ሁለቱን ፔዳሎች ከአሜሪካ የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው የሰጠኝ። አንዱ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግማል፤ ሌላው ያሻክራል፣ ያስጮኻል። ትንሿ ማጉያ አሥር ዋት ናት፤ በአንድ እጅ ትነሣለች፤ ትልቅ ጉልበት የላትም፤ ክፍሌን ግን ትሞላለች።

*

የቀኝ ዓምድ ረጅም ታሪክ አለው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የማኅሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» በጓደኛዬ ኮምፒውተር እንሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀረጸ ሥራ ነው። ሌሎቹ ለድምፃዊው ሲሉ ይሰማሉ፤ እኔ ጆሮዬ የሚሮጠው ከኋላ ወዳለው ጊታር ነበር፤ ወደ ሰላም ሥዩም። ጊታሩ ክራር ክራር ይለኝ ነበር። ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ከድምፃዊው ቃል ሥር እየገባ ይወጣል። አይቤክሶች እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ የቀረጹትን የመሣሪያ ሙዚቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ስሰማ ደግሞ ያ አዳራሽ ራሱ፣ ጣሪያውና ግድግዳው፣ ከባንዱ ጋር አብሮ የሚጫወት መሰለኝ። አዳራሽ የሌለው ሰው አዳራሹን በሳጥን ይዞ ቢዞርስ? የአምፕሊፋየር ምኞቴ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የዚያን ሳጥን ታሪክ ሳነብ ያገኘሁት ሰው ደግሞ ይበልጥ አስገረመኝ። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር! በኮሌጅ የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቁን እ.ኤ.አ. በ1938 ከመክፈቱ በፊትም የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ የእኔው የሙያ ወንድም ነው። በ1946 በስሙ የሚጠራውን ድርጅት መሠረተ፤ ትዊን የተባለው አምፕሊፋየር በ1952፣ ትዊን ሪቨርብ ደግሞ በ1963 ወጣ። የወዳጄ ሳጥን የ1965ቱን ሞዴል ተከትሎ ኋላ ከተሠሩት አንዱ ነው። ሰማንያ አምስት ዋት ጉልበት፣ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ኢንች ድምፅ ማጉያዎች፣ ከኋላው የሚግሉና የሚቀሉ አምፖል መሰል የመስታወት ቲዩቦች አሉት። ክብደቱ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ነው።

ማሚቶውን የሚሠራበት ዘዴም ቀላልና ውብ ነው። በሳጥኑ ግርጌ ቀጫጭን የሽቦ ስፕሪንጎች ተዘርግተዋል። የጊታሩ ድምፅ በአንደኛው ጫፍ ገብቶ ስፕሪንጎቹን ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጡ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በሌላኛው ጫፍ ተለቅሞ ከዋናው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ሰው ባዶ ካቴድራል ውስጥ የሚጫወት ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚነገርለት ንጽሕናው ነው። ብዙ ማጉያዎች ጉልበት ሲጨምሩባቸው ድምፁን ያሻክሩታል፤ በሻካራው ውስጥም የጣት ስሕተት ይሸሸጋል። ይህኛው ጮክ ሲልም ንጹሕ ነው፤ ምንም አይሸሽግም። ወዳጄ ቤት ሁለት ጊዜ ተጫውቼበታለሁ። አንዲት ክር ነካሁ፤ ያቺ ክር ከደረቴ ውስጥ የተመታች መሰለኝ። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አልተሰማኝም።

*

«ታዲያ አጠራቅመህ ለምን አትገዛውም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኔ በመስኮቴ ነበርሁ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ከሌላው ቀድሞ ያየዋል፤ ደመወዙ ግን ከሌላው ቀድሞ አያድግም። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ራቀ። ስለዚህ ያ ሳጥን ወደ እኔ ሊመጣ የሚችለው በልዋጭ ብቻ ነው፤ ልዋጩም አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው።

ዕድሜም አለ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ለሰው ወጣትነት ነው፤ መድረክ አንድም ቀን ላልረገጠ ጊታር ተጫዋች ግን የመጨረሻው ደወል ነው። ፌንደሩን ብወስድ ምናልባት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ምናልባት ቅዳሜ ምሽት የሚጫወት ትንሽ ባንድ አገኛለሁ። ባልወስደው ያ ምናልባት ይዘጋል። ወዳጄ ያቀረበልኝ ሳጥን ብቻ እንዳልነበረ ቀስ እያልሁ ተረዳሁ። ልኖረው የነበረ ሌላ ሕይወት ነው በሃያ ዘጠኝ ኪሎ ተጠቅልሎ የቀረበልኝ።

የወዳጄም ፈንታ አለ። ጊታሬ ብትሄድ ወደ ባዕድ ቤት አትሄድም፤ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የመጀመሪያዋን ዜማ ትማርባታለች። ጂን ላይዳልና ኢቮ ሽትሬከር የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሐመር ዳምባይቲ መንደር ኖረው በ1979 ባሳተሙት ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ የዚህን ሕዝብ ቃል ለዓለም አድርሰዋል። ሐመር ዘንድ ከብት ሰጥቶ ወዳጅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ የተሰጠው ከብት ከሰጪው በረት ቢወጣም ሁለቱን ሰዎች ያስተሳስራል፤ በክፉ ቀን አንዱ የሌላውን ደጅ ያለ ኀፍረት እንዲያንኳኳ ያደርጋል። በዚህ ሚዛን ካየነው ጊታሬን መስጠት ማጣት አይደለም። ይህ ሐሳብ ብዙ ሌሊት ወደ መለወጡ ገፋፋኝ።

*

ዲመካ ግን የራሷን ነገር ትናገራለች።

መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ያ ሳጥን ከአሜሪካ የመጣ ነውና የእኛን 220 ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመርም ይፈልጋል። ቲዩቦቹ ሲያረጁ ደግሞ ምትካቸው በቅርብ የለም። ይህ ሁሉ ዘዴ ይገኝለታል፤ ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰማንያ አምስት ዋቱን እዚህ ለማን አሰማለሁ?

አንዳንድ ምሽት ጨረቃ ስትወጣ ከመንደሮቹ አቅጣጫ የኢቫንጋዲ ድምፅ ይመጣል። ወጣቶቹ ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይዘላሉ፤ የሴቶቹ የእግር ብረት ከምድሩ ጋር ይቃጨላል። ሽቦ የለም፣ ሳጥን የለም፤ ድምፁ ግን በደረቁ አየር ተሸክሞ እዚህ ድረስ ይደርሳል። በእንዲህ ያለው ምሽት ቦክስ ጊታሬን አንሥቼ በዝግታ እነካካለሁ። አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶቼ አንዳንዴ ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴም አያዳምጡም። ሁለቱም ደስ ይለኛል።

በእነዚያ ምሽቶች ስለ ኃይሉ መርጊያ አስባለሁ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሲሻገር አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ሻንጣ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው፣ ወደ መድረክ ሲመለስ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም ሲያወጣ፣ ጣቶቹ አልደረቁም ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሙዚቃውን ያቆየለት የሂልተን አዳራሽ አልነበረም። በሻንጣ ውስጥ የምትገባ፣ እጁ በፈለጋት ጊዜ የምትገኝ ትንሽ መሣሪያ ነበረች።

ይህን የማነሣው ራሴን ከእሱ ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ የትኛው ዕቃ ምን እንደሚያቆይ ለማወቅ ነው።

*

ጉዳዩን ለባንካችን ጥበቃ አጫወትሁት። የሐመር ተወላጅ ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ያንሳል፤ አማርኛው ከእኔ ሐመርኛ እጅግ ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ከበሩ አጠገብ ቆመን ፍየሎቻቸውን ሸጠው ወይም ሳይሸጡ የሚመለሱትን እናያለን። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ወዳጄ ነገርሁት። በጥሞና ሰማኝና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ፍየል ሰጥተው ቃጭል ሊገዙ ነው?»

«ኧረ አይደለም! ሌላ ፍየል ይቀረኛል» አልሁት። «የኤሌክትሪኩ ጊታር አለ።»

«የቱን ነው የሚሰጡት ታዲያ? የምትታለበዋን?»

ዝም አልሁ። እሱም መልስ የሚጠብቅ አይመስልም ነበር፤ ወደ ገበያተኛው ዞሮ አንዱን ዘመዱን ሰላም አለ።

ማታ ወረቀቴን አውጥቼ ሁለቱን ዓምዶች እንደገና አየኋቸው። ዕቃዎቹን የመዘገብሁት በዋጋቸውና በትዝታዬ ነበር። በጥበቃው ጥያቄ ስመዝናቸው ዝርዝሩ ሌላ ሆነ። ፔዳሎቹን ካነሣኋቸው ወራት አልፈዋል። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ለመድረክ ቀን የተቀመጠ ነው፤ ሰርግ ጠብቆ እንደሚወጣ ልብስ። ቦክስ ጊታሯ ግን በየማታው ትታለባለች። የሰጠችኝ ጥቂት ነው፤ ለገበያ የማይወጣ፣ አንዳንዴ አንድ ስንኝ፣ አንዳንዴ የአንድ ምሽት ዕረፍት። ያ ጥቂት ግን ባንክ ቤት ስምንት ሰዓት ቆጥሮ የገባውን ሰው እንደገና ሰው ያደርገዋል።

ያን ሌሊት የሚከተሉትን ስንኞች ጻፍሁ፤ በአውራ ጣቴ እየቆጠርሁ፦

ጮኾ የሚያሰማ ትልቅ ሳጥን መጣ፤
ቀስ ብሎ ’ሚሰማ ወዳጄን ሊያስወጣ፤
ሩቅ ልሰማ ብዬ ቅርቡን ካሳጣሁት፣
ድምፄን አገኘሁት ወይስ አጠፋሁት?

*

ለወዳጄ የጻፍሁለት መልስ ይህ ነው።

«ወንድሜ፣ ፌንደሩን አልወስድም። ቦክስ ጊታሬን ከሰጠሁህ ግጥም የምጽፍበት እጄ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን ፔዳሎችና ትንሿን ማጉያ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ባልደረባዬ እልክልሃለሁ፤ ልዋጭ የላቸውም። ሸጠህ ለልጅህ ለእጇ የምትመጥን ትንሽ ቦክስ ጊታር ግዛላት። ያን ሳጥን በየሌሊቱ ለሚያስጮኸው ወጣት ስጠው፤ እዚህ ቢመጣ አቧራ ነው የሚለብሰው።»

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «እሺ። አንተ ግን እልኸኛ ነህ» ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅቱን ፎቶ ላከልኝ፤ ጊታሯ ከጉልበቷ ትበልጣለች፤ አገጯን በጎኗ ላይ አስደግፋ ክሩን በአንድ ጣት ትነካለች።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ልክ ነው፤ ግን ወርቁን ያወቀ ሰው መዳቡን መመኘት ወዲያው ይተዋል ማለት አይደለም። እነሆ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሬ ያለ ማጉያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያ ምናልባት ያልሁት መንገድ ተዘግቷል፤ የዘጋሁትም እኔው ነኝ፤ በሩ ሲዘጋ ያሰማውን ድምፅ አንዳንድ ምሽት አሁንም እሰማዋለሁ። ሰው በጎውን መርጦም ሊያዝን እንደሚችል መጻሕፍት ይናገሩ ነበር፤ በራሴ ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው።

አምፕሊፋየሩን እንደሆነ ዛሬም እመኘዋለሁ።

ዲመካ፣ 2018 ዓ.ም.